ማንጋጠጥና ቀና ማለት ለየቅል ናቸው

ሰሞኑን በሐዋሳ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ በጓደኛዬ በኩል ደረሰኝ። ጸሐፊው የከተማችን ሰው መሆናቸው ከምሳሌዎቻቸው ያስታውቃል፤ በሐይቁ ዳር ያለውን የአሣ ገበያችንን፣ አሞራ ገደልን ይጠቅሳሉ፣ የልጆቻችንን የጌም ቤቶች ይጠቅሳሉ። አማርኛቸው ያማረ፣ ቁጭታቸውም የእውነት ነው። የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው፦ ሰው ወደ ላይ ማየቱን እስካልተወ ድረስ መሬቱን አያለማም። ሃይማኖት ከሰማይ እንዲጠብቅ አስተማረው፤ ፍልስፍና ኮከብ እያየ ጉድጓድ ገባ፤ ሥዕል ጣሪያ ላይ ወጥቶ ድሃውን አስፈራራው፤ አሁን ደግሞ የኮምፒውተር ጨዋታ ልጆቻችንን በሐሰት መሰላል ላይ አንጠልጥሏቸዋል። ስለዚህ ዓይናችንን ወደ መሬት እንመልስ ይላሉ።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባብ ግማሹን ተቀብዬ ነበር። በሁለተኛው ግን ክርክሩ ሁለት ቃላትን በማምታታት ላይ የቆመ ሆኖ አገኘሁት፤ ዝም ማለትም አልቻልኩም። እኔ ሠዓሊ ነኝ። ከሃያ ዓመት በላይ የኖርኩት ግድግዳና ጣሪያ እየሣልኩ ነው። ወደ ላይ ማየት ለእኔ ሐሳብ ብቻ አይደለም፤ የአንገትና የትከሻ ጉዳይም ነው።

አማርኛ ለዚህ ነገር ሁለት ቃል አለው። አንዱ ማንጋጠጥ ነው፤ አገጭን ሰቅሎ፣ አፍን ከፍቶ፣ እጅን አጣጥፎ የሚወርድ ነገር መጠበቅ። ሌላው ቀና ማለት ነው። ጎንበስ ብሎ የሚያርም ገበሬ ወገቡን ሊያሳርፍ፣ ደመናውን ሊገምት፣ ከሩቅ የሚጣራውን ሰው ሊለይ ቀና ይላል፤ ወዲያው ወደ አረሙ ይመለሳል። ይህ ቃል ከአንገት አልፎ ወደ ጠባይ ገብቷል፤ ቀና ሰው፣ ቀና ልብ እንላለን። ጫካ መንጥሮ መንደር የመሠረተውን አገር አቀና እንለዋለን። ሥራው የተሳካለትን ቀናው እንላለን። ጸሐፊው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የከሰሱት ማንጋጠጥን ነው፤ የፈረዱት ግን በቀና ማለት ላይ ነው።

የመጀመሪያው ማስረጃቸው አሣ አጥማጁ ነው። «አሞራ ገደል ላይ ያለ አሣ አጥማጅ ወደ ሰማይ አያይም፤ እንጀራው ያለው ከታች፣ ከውኃው ውስጥ ነው» ይላሉ። ጸሐፊው ወደዚያ የሚሄዱት ረፋድ ላይ ይመስለኛል፤ አሣው ወጥቶ፣ ሾርባው ተቀቅሎ፣ አባ ኮዳ የምንላቸው ትልልቅ አሞራዎች በተርታ ቆመው ፍርፋሪ ሲጠብቁ። በዚያ ሰዓት በእርግጥ ሁሉም አጎንብሷል። ቆሮሶ የሚባለውን አሣ የሚፍቀው ልጅ ዓይኑን ከቢላዋው ላይ አያነሣም፤ ቢያነሣ ጣቱን ይቆርጣል።

ነገር ግን ጎሕ ሳይቀድ ይሂዱ። ታንኳውን የሚገፋው ሰው ከመግፋቱ በፊት ይቆማል። ውኃው ገና ጥቁር ስለሆነ የሚያየው ውኃውን አይደለም፤ ከሐይቁ ማዶ በኮረብታዎቹ ላይ የተጋደመውን ደመና ነው የሚያየው። ነፋሱ ዛሬ ቀድሞ ይነሣ እንደሆነ፣ መረቡን አውጥቶ በጊዜ ይመለስ እንደሆነ ከዚያ ያነባል። ለጥቂት ደቂቃ ነው። ከዚያ እግሩን ውኃ ውስጥ ከትቶ ይገፋል። ብዙ ጊዜ ንድፍ ልይዝ እዚያ ተቀምጬ አይቼዋለሁ፤ ሳይቆም የገፋ ሰው ግን አላየሁም።

ከአሞራ ገደል ብዙም ሳይርቅ፣ እዚያው በሐይቁ ዳር፣ ጉዱማሌ አለ። ጸሐፊው ይህን ቦታ አለመጥቀሳቸው እውነት አስገርሞኛል፤ ለጉዳያቸው ከሐዋሳ ሁሉ የቀረበው ቦታ እርሱ ነውና። የሲዳማ ሕዝብ ዘመን መለወጫ፣ ፍቼ ጫምባላላ፣ የሚከበረው በዚያ ነው። የበዓሉ ቀን በቋሚነት የተቆረጠ አይደለም። አያንቶ የሚባሉት አዋቂዎች የከዋክብትንና የጨረቃን አካሄድ ተከታትለው ቀኑን ይለዩታል፤ ከዚያ ለጎሳዎቹ ይነገራል። ዩኔስኮ ፍቼ ጫምባላላን በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። በዚያ በዓል ላይ የጎሳ መሪዎች ሕዝቡን የሚመክሩት ምንድን ነው? በርትቶ መሥራትን፣ አረጋውያንን መደገፍን፤ አገር በቀል ዛፍ ከመቁረጥ፣ ከልመና፣ ከስንፍና፣ ከሐሰት ምስክርነትና ከሌብነት መራቅን። ቀኑን ከሰማይ የሚያነብ ሕዝብ በዚያው ቀን ልመናንና ስንፍናን ይገሥጻል። ጸሐፊው «ወደ ላይ ማየት ሰነፍ ያደርጋል» ያሉትን ይዘው ጉዱማሌ መጥተው ቢናገሩት ደስ ይለኛል፤ የሚመልስላቸው ሽማግሌ አያጡም።

የቤተ ክርስቲያናችን የዘመን ቀመር፣ ባሕረ ሐሳብም እንዲሁ ነው። ጾማችንና በዓላችን በየትኛው ቀን እንደሚውል የምናውቀው የፀሐይንና የጨረቃን ዑደት በቁጥር ካሰሩ ሊቃውንት ነው፤ አበቅቴና መጥቅዕ የሚባሉት የስሌቱ ሁለት ቁጥሮች ተደምረው 30 የሚሆኑት የጨረቃ ወር ስለሆነ ነው። ይህን የሠራው የተቀመጠ አንጋጣጭ አይደለም፤ ደማሪ ነው።

ወደ ሃይማኖቱ ነጥብ ልምጣ፤ ብዙ የምለው እዚህ ላይ ነው። ጸሐፊው መጽሐፍ ቅዱስን በራሱ ላይ ምስክር አድርገው ጠርተውታል። ክርስቶስ ሲያርግ ደቀ መዛሙርቱ ወደ ላይ ትኩር ብለው ሲያዩ፣ ነጭ የለበሱት ሁለቱ ሰዎች፣ «የገሊላ ሰዎች ሆይ፥ ወደ ሰማይ እየተመለከታችሁ ስለ ምን ቆማችኋል?» አሏቸው። «እነሆ መጽሐፉ ራሱ ወደ ላይ ማየትን ነቀፈ» ይላሉ ጸሐፊው። ግሡን ልብ ብለው ያንብቡት። ስለ ምን ታያላችሁ አልተባሉም፤ ስለ ምን ቆማችኋል ነው የተባሉት። ቀጥሎስ ምን አደረጉ? ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሱ፤ ወደ ሰገነትም ወጡ። ማየታቸው ወደ ሥራ መራቸው እንጂ አልተሻረም።

መዝሙሩንም እንዲሁ ቆርጠውታል። «ዓይኖቼን ወደ ተራሮች አነሣሁ፤ ረዳቴ ከወዴት ይምጣ?» የሚለውን «የጠባቂነት መዝሙር» ብለውታል። ይህ መዝሙር፣ በአንዱ አቆጣጠር 120ኛው በሌላው 121ኛው፣ ርእሱ የመዓርግ መዝሙር ነው፤ ሽቅብ የሚወጣ ሰው መዝሙር ማለት ነው። መንገደኛ ነው የሚዘምረው። ጥያቄውን በጠየቀ በሦስተኛው መስመር ላይ የሚነሣው ስለ እግሩ ነው፤ እግሩ እንዳይናወጥ። የተቀመጠ ሰው እግሩ ይናወጥብኛል ብሎ አይሰጋም።

ደግሞስ ሃይማኖት ሁልጊዜ ወደ ላይ እዩ ይላል ያለው ማን ነው? ጸሐፊው ይህን እንደ ታወቀ ነገር ቆጥረው አለፉ። በወንጌል የጸደቀው ቀራጭ ዓይኖቹን ወደ ሰማይ ሊያነሣ እንኳ ያልወደደው ነው። ሙስሊም ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን በሶላት ላይ ዓይናቸው የሚያርፈው ግንባራቸው በሚነካው በስግደቱ ቦታ ላይ ነው፤ ነቢዩ ሙሐመድም በሶላት ጊዜ ዓይንን ወደ ሰማይ ማንሣትን አጥብቀው ከልክለዋል። ያው ቁርኣን ግን በሌላ ቦታ፣ ሰዎች ወደ ግመል እንዴት እንደተፈጠረች፣ ወደ ሰማይም እንዴት ከፍ እንደተደረገች አይመለከቱምን ብሎ ይጠይቃል። ግመልና ሰማይ በአንድ ትንፋሽ! አንዷ በቤቱ ደጃፍ የታሰረች፣ ሌላው ከራሱ በላይ የተዘረጋ፤ ሁለቱንም ተመልከት ነው የሚባለው። በቅዳሴም ካህኑ «አልዕሉ አልባቢክሙ» ሲል ልባችሁን አንሡ ማለቱ ነው፤ ስለ አንገት አላወራም። ምእመኑም «ብነ ኀበ እግዚአብሔር አምላክነ»፣ በአምላካችን በእግዚአብሔር ዘንድ አለን፣ ብሎ ይመልሳል። እነዚህ እምነቶች መቼ ቀና፣ መቼ ዝቅ እንደሚባል ከእኔም ከጸሐፊውም በላይ ያውቃሉ።

አሁን ጸሐፊው ትክክል ወደሆኑበት ነጥብ ልድረስ። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለውን ተረት አንሥተው፣ ሰማይና ገዢ በአንድ መስመር የተጠሩት ያለ ምክንያት አይደለም ይላሉ። ወደ ላይ ማየት የለመደ አንገት ለበላይ ይገዛል፤ «ከላይ የመጣ ነው» ሲባል ዝም ይላል። ይህን ሳነብ ልቤ ደነገጠ፤ ደርሶብኛልና። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሠራሁት የግድግዳ ሥዕል ክፍያ ልጠይቅ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ጸሐፊዋ ከሥራ አስኪያጁ፣ ሥራ አስኪያጁ ከሌላ ኃላፊ፣ ኃላፊው ደግሞ «ከላይ» አሉኝ። የመጨረሻው ሰውዬ «ከላይ» ሲል እስክሪብቶውን ወደ ኮርኒሱ ቀሰረ። እኔም ሳላስበው ወደ ኮርኒሱ ተመለከትኩ። ገንዘቤን አላገኘሁም። ያን ቀን ያደረግሁት ማንጋጠጥ ነበር፤ እስካሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

ይሁን እንጂ ጸሐፊው ምክንያቱን ገለበጡት። የተበደለ ሰው በአገራችን የመጨረሻ ቃሉ ምንድን ነው? «እርሱ ከላይ ያያል» ነው። ይህን የሚለው ለማን ነው? ለበዳዩ፣ ፊት ለፊት። ገዢ የሚጠላው ዓረፍተ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ከአንተ በላይ ሌላ አለ ማለት ነውና። ተረቱ ንጉሥን ከሰማይ እኩል ሊያስቀምጥ ይሞክራል፤ ድሃዋ እናት ደግሞ አንድ ጊዜ ቀና ብላ ንጉሡን ወደ መሬት ታወርደዋለች። ሰማዩን ብንነጥቃት ንጉሡ ብቻ ነው ከላይ የሚቀረው። በዚህ ነጥብ ከጸሐፊው ጋር የምጣላው ከልቤ ነው።

ፍልስፍናውን ቶሎ ልለፈው፤ ያመጡት አንድ ታሪክ ነውና። የጥንቱ የግሪክ ፈላስፋ ታሌስ ኮከብ ሲመለከት ጉድጓድ ገባ፤ አንዲት የትራቄ ገረድ ሳቀችበት። ታሪኩን የጻፈልን ፕላቶ ነው። ጸሐፊው ግን አርስጣጣሊስ ስለዚያው ሰው የጻፈውን ሌላ ታሪክ አላነሡም። ሰዎች በድህነቱ ሲሳለቁበት ታሌስ በክረምት ከከዋክብት ተነሥቶ የመጪውን የወይራ ምርት ብዛት ገመተ፤ በሚሊጦስና በኪዩ ያሉትን የዘይት መጭመቂያዎች በትንሽ ቀብድ ተከራያቸው፤ መከሩ ሲደርስ በፈለገው ዋጋ አከራያቸው። የገባበትን ጉድጓድ ነግሮ ያተረፈውን መሸሸግ ለአንባቢ ሚዛን አይሰጥም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ግን ፕላቶ እኔና ጸሐፊው የምንከራከርበትን ነገር አስቀድሞ ማንሣቱ ነው። ስለ ፍትሕና ስለ መንግሥት በጻፈው መጽሐፉ ግላውኮን ሶቅራጥስን ደስ ሊያሰኝ ብሎ፣ የከዋክብት ጥናት ነፍስን ወደ ላይ እንድታይ ያደርጋል ይላል። ሶቅራጥስ አይቀበለውም። እንዲህ ከሆነማ የጣሪያ ጌጥ አንጋጦ የሚያይም ሰው በአእምሮው ወደ ላይ አየ ልትል ነው ይለዋል። አንገት የትም ቢዞር፣ ነፍስን ወደ ላይ የሚያነሣት የማይታየውን እውነት መፈለግ ነው። ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት እ.ኤ.አ. በ1788 ባሳተመው መጽሐፍ መደምደሚያ ላይ ልቡን በአድናቆት የሚሞሉትን ሁለት ነገሮች ሲጠራ፣ አንዱን ከራሱ በላይ ባለው የከዋክብት ሰማይ፣ ሌላውን በውስጡ ባለው የሥነ ምግባር ሕግ አገኘው። ጣሊያናዊው ሠዓሊ ሩፋኤል በቫቲካን ግድግዳ ላይ ፕላቶን ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ፣ አርስጣጣሊስን መዳፉን ወደ መሬት ዘርግቶ ሲሥላቸው ጎን ለጎን እየተራመዱ ነው፤ ጸሐፊው ከሥዕሉ ላይ አንዱን እጅ ቆርጠው ሊጥሉ ይፈልጋሉ።

ሰኔ 14 ቀን 2012 የዋለውን የፀሐይ ግርዶሽ ታስታውሱታላችሁ። በላሊበላ በኩል ቀለበት ሆኖ ታየ፤ እኛ ሐዋሳ ያለነው የደረሰን ከፊሉ ነው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ከግቢያችን ዛፍ ሥር ቆሜ ነበር። የጎረቤቴ ነጭ ግድግዳ ላይ የቅጠሎቹ ጥላ አርፏል። ሁልጊዜ በቅጠሎች መካከል ሾልኮ የሚገባው ብርሃን ክብ ክብ ነው፤ ያን ጠዋት ግን እያንዳንዱ የብርሃን ነጠብጣብ ማጭድ ሆነ። አንድ ሁለት አይደለም፤ በግድግዳው ሙሉ ትናንሽ ማጭዶች፣ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ የጎበጡ፣ ነፋስ ሲነካቸው አብረው የሚርገበገቡ። በቅጠሎች መካከል ያለች እያንዳንዷ ጠባብ ቀዳዳ የፀሐይን መልክ ግድግዳው ላይ ትጥላለች፤ ክብ የሚመስለን ነጠብጣብ ለካ ዘወትር የፀሐይ ሥዕል ነው። በሃያ ዓመት ሙያዬ ብርሃንን ስሥል ይህን አላወቅሁም ነበር። የተማርኩት ጀርባዬን ለፀሐይ ሰጥቼ፣ ግድግዳ እያየሁ ነው። ያን ጠዋት ወደ ላይ አላየሁም ልበል?

ሥዕሉ ላይ ደረስን። «ጣሪያ ላይ መሣል የሥልጣን ብልሃት ነው፤ ድሃ አንገቱን ሰብሮ እንዲያይና እንዲፈራ የተሠራ ነው» ይላሉ ጸሐፊው። ሥልጣን ጣሪያ ማሣሉ እውነት ነው። ማይክል አንጀሎ በቫቲካን ያለውን የሲስቲን ጸሎት ቤት ጣሪያ እ.ኤ.አ. ከ1508 እስከ 1512 የሣለው በሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በዩልዮስ ሁለተኛ ትእዛዝ ነው። ብዙ ሰው በጀርባው ተኝቶ የሣለ ይመስለዋል፤ ቆሞ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ሰብሮ ነው የሣለው። ቀለሙ ፊቱ ላይ እየተንጠባጠበ፣ ጢሙ ወደ ሰማይ ቀንቶ እንደሠራ ለወዳጁ በግጥም ጽፎለታል። የዚያን ግጥም ስቃይ አውቀዋለሁ፤ ቀለም በእጅ አንጓ ወርዶ ክርን ላይ ሲደርቅ፣ ማታ ትራስ ላይ ራስን ማዞር ሲያቅት።

ከዓመታት በፊት በአንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ውስጥ መላእክት ስንሥል ሦስት ሆነን ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ አቡጀዲው መሬት ላይ ተወጥሮ ይሣላል፤ ከዚያ በሙጫ ጣሪያው ላይ ይለጠፋል፤ መጋጠሚያውና የፊቱ ማጠናቀቂያ ግን እዚያው ላይ ሆኖ ነው የሚሠራው። በአጠና በታሰረ መወጣጫ ላይ ቆሜ የመላእክቱን ዓይን እጨርስ ነበር። በየጠዋቱ ቅጥሩን ሊጠርጉ የሚመጡ አንዲት እናት ነበሩ። አንድ ቀን መጥረጊያቸውን ይዘው ገቡና ከታች ሆነው ለረጅም ጊዜ አዩን።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «እኛ የምንቆመው በዚህ በኩል ነው።»

የሴቶቹን ወገን፣ የደቡቡን በር በእጃቸው አሳዩኝ።

«አዎ እማማ።»

«ወደዚህ የሚያይ የለማ።»

ወረድኩ። አጠገባቸው ቆሜ ቀና ብዬ አየሁ። እውነታቸውን ነው፤ የመላእክቱ ዓይን ሁሉ ወደ መቅደሱና ወደ ወንዶቹ ወገን አዘንብሏል። ከላይ ሆኜ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ፊት ስሥል፣ ከታች ማን የት እንደሚቆም ረስቼው ነበር። ተመልሼ ወጥቼ በሁለት ቀን የአራቱን ዓይን ለወጥኩ። ጥቁሩ ብሌን በጣት ስፋት ብቻ ነው የዞረው። እማማ በሦስተኛው ቀን መጥተው አዩ፤ ምንም አላሉኝም፤ ጠረጉና ሄዱ።

እንግዲህ ጸሐፊው ድሃዋ ወደ ጣሪያ የምታየው እንድትፈራ ነው ሲሉ፣ እኔ እኒያን እናት አስባለሁ። የፈለጉት መታየት ነው። የጎንደሩ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ከመቶ በላይ የመላእክት ፊቶች በረድፍ ተሥለዋል፤ የዓይናቸው አቅጣጫ ይለያያል፤ በየትም ብትቆሙ የሚያያችሁ አታጡም። ያ ሠዓሊ እኔ በሁለት ቀን ያረምኩትን ከመጀመሪያው ያውቀው ነበር።

ላሊበላን ደግሞ ጸሐፊው በዝምታ ማለፋቸው ለክርክራቸው ይመቻቸው እንደሆነ እንጃ። ቤተ ጊዮርጊስን መጀመሪያ የምታዩት ወደ ታች ተመልክታችሁ ነው፤ የመስቀሉ ጣሪያ ከቆማችሁበት መሬት ጋር እኩል ነው። ጠራቢዎቹ ሥራቸውን የጀመሩት ከጣሪያው ነው፤ ከዚያ እየወረዱ 12 ሜትር ያህል ወደ አለቱ ውስጥ ገቡ። እናንተም በዚያው የተፈለፈለ መተላለፊያ ወርዳችሁ፣ ከሥሩ ስትደርሱ ብቻ ቀና ብላችሁ ሙሉ ቁመቱን ታያላችሁ። ከፍታውን ያገኙት በመቆፈር ነው። «ወይ ሰማይ ወይ መሬት ምረጡ» የሚለውን የጸሐፊውን ጥያቄ እነዚያ ጠራቢዎች አይገባቸውም ነበር። ዛሬም ቢሆን ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ወደ ህዋ የተላከችው የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይት ሥራዋ ወደ ታች ማየት ነበር፤ እርሻችንን፣ ውኃችንን፣ ደናችንን።

የመጨረሻው ነጥባቸው የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። ጸሐፊው እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይላሉ። አንደኛው፣ ጨዋታ ልጆችን በሐሰት መውጣት ያታልላቸዋል፤ ልጁ አርባ ደረጃ ወጣሁ ይላል፣ አካሉ ግን ከወንበሩ አልተነሣም። በዚህ እስማማለሁ። ቁጥር መጨመር መውጣት አይደለም፤ ልጆቻቸውን ከጌም ቤት እየጎተቱ የሚያወጡ እናቶችን ሁላችንም እናውቃለን። ሁለተኛው ግን ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣው ዱም በተባለው ጨዋታ ወደ ላይ ማየት አይቻልም ነበር፤ «ማንም አልጎደለብኝም አላለም፤ ሰው ላይ ማየት አያስፈልገውም» ይላሉ።

የማይቻለው ሠሪዎቹ አያስፈልግም ብለው አልነበረም። የዚያን ጊዜ ኮምፒውተሮች ደካሞች ስለነበሩ፣ ግድግዳውን ቀጥ ባሉ ቋሚ መስመሮች ብቻ የሚሥል ፈጣን ዘዴ ተጠቀሙ፤ በዚያ ዘዴ አንገት ቀና ቢል ሥዕሉ ይዛባል። ጠላት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ሲቆም ኮምፒውተሩ ራሱ ለተጫዋቹ ያነጣጥርለት ነበር። ማሽኑ ሲጎለብት ያው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1996 ኩዌክ የተባለውን ጨዋታ ሲያወጣ ተጫዋቹ ወደ ላይም ወደ ታችም እንዲያይ አደረገው። እጦትን እንደ ፍላጎት መቁጠር አይገባም።

ከዚያም በፊት ቢሆን «ላይ» ከጨዋታ ጠፍቶ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1978 ጃፓን ውስጥ የተሠራው ስፔስ ኢንቬደርስ ተጫዋቹን ከታች አስቀምጦ አደጋውን ሁሉ ከላይ ያወርድበታል። እ.ኤ.አ. በ1984 ሞስኮ ውስጥ አሌክሴይ ፓጂትኖቭ በሠራው በቴትሪስ ደግሞ፣ ከታች የተከመረውን ብቻ የሚያይ ተጫዋች ይሸነፋል፤ የሚወርደውን አይቶ የታችኛውን ማሰናዳት አለበት።

ከእነዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ የእኛው ቅልብልቦሽ አለ። እኅቶቼ ደጃፋችን ላይ ሲጫወቱ ያየሁት አሁንም በዓይኔ ነው። አንዷን ጠጠር ወደ ላይ ትወረውራለች፤ ጠጠሯ አየር ላይ እያለች መሬት ላይ ያሉትን ታፍሳለች፤ ከዚያ የወረወረቻትን ትቀልባለች። ዓይን ከላይ፣ እጅ ከታች። ዓይኗን ወደ መሬት ብትመልስ የላይኛዋ ትወድቅባታለች፤ ዓይኗን ብቻ ሰቅላ እጇ ቢቆም የታችኞቹ ይቀራሉ። ጎበዟ ልጅ መሬቱን በጣቷ ታውቀዋለች። ለጸሐፊው መልስ በአንድ ምስል ሣል ብባል የምሥለው ይህንን ነው።

የአሥር ዓመት ልጅ አለኝ። ማይንክራፍት የሚባለውን ጨዋታ ይወዳል፤ አራት ማዕዘን በሆነ ዓለም ውስጥ ይቆፍራል፣ ይገነባል። እዚያ አንድ ቀንና ሌሊት 20 ደቂቃ ነው። ሲመሽ ጭራቅ ስለሚወጣ ልጄ ድንጋይ እየደረደረ በየመሀሉ ሰማዩን ያያል፤ ፀሐይዋ ስታዘነብል ወደ ቤቱ ይሮጣል። ባለፈው ነሐሴ አንድ ምሽት ጨዋታውን አቁሞ ጠራኝ።

«አባዬ፣ እዚህ ጨረቃዋ በየሌሊቱ ትለወጣለች። ስምንት ዓይነት ናት። ዛሬ ግማሽ ናት። የውጭዋስ?»

አላውቅም ነበር። ተያይዘን ወጣን። ሰማዩ በደመና ተሸፍኗል፤ ኮከብ እንኳ አይታይም። ከበራቸው መብራት ሥር የተቀደደ መረብ ጭናቸው ላይ ዘርግተው የሚጠግኑ አዛውንት ጎረቤት አሉን፤ ዕድሜያቸውን በሐይቁ ላይ የጨረሱ ናቸው። ልጄ ሮጦ ሄደ።

«አባባ፣ ዛሬ ጨረቃ ስንት ቀኗ ነው?»

ከመረቡ ላይ ቀና አላሉም። ክሩን በጥርሳቸው ቆረጡና፣

«ስምንት። ትናንት ማታ መረብ ሲጥሉ አብሬ ወርጄ አይቻታለሁ፤ ግማሽ ልትሆን ጥቂት ይቀራት ነበር» አሉት። ከዚያም የመረቡን ጫፍ እንዲወጥርላቸው አስያዙት።